«የማዶ ነኝ» ያለችው ጦጣ

ተረት ልቅዘፍላችሁ? «ቅዘፍልን!» በሉ እንጂ! አፋችሁን እንደ ዓሣ ከፍታችሁ ታዩኛላችሁ? እናንተ ካላላችሁኝ የኔ ታንኳ ከዳር አይነሣም። … እሺ፣ እንዲያ ነው። ነካሁት።

ድሮ ድሮ፣ የአያቴ አያት ሳትወለድ፣ ስሟን በማላውቃት አገር አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበረ። ትልቅ ስላችሁ፣ በዚህ ዳር ዶፍ ሲወርድ በዚያኛው ዳር እህል ፀሐይ ላይ ይሰጣ ነበር። በሐይቁ ውስጥ ደሴቶች ነበሩ። ስንት ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ ቆጥሮ የጨረሰ የለም። አንዱ ደሴት ውሃው ሲሞላ ይሰወርና ሲጎድል ብቅ ይላል። አንዱ የደንገልና የሣር ተንሳፋፊ ስለሆነ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሰፈር ይቀይራል፤ ማታ ደጃችሁ የነበረው ጠዋት ጎረቤት ዘንድ ይገኛል። አንዱ ደግሞ ቆጥራችሁት ስታበቁ ያዛጋል። ለካስ የጉማሬ ጀርባ ኖሯል!

የሐይቁ የምሥራቅ ዳር የአያ አንበሶ አገር፣ የምዕራቡ ዳር የአያ ነብሮ አገር ነበር። ታዲያ ማን የማን እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። በምሥራቅ ያሉት ምዕራቡን «ማዶ» ይሉታል። በምዕራብ ያሉትም ምሥራቁን «ማዶ» ይሉታል። ሙሽራ ከማዶ ይመጣል፤ ለለቅሶ ማዶ ይኬዳል፤ የቀረ ዘመድ ቢኖር ማዶ ነው የሚፈለገው።

ሁለት ታንኳዎች መሀል ውሃ ላይ ከተገናኙ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነበር። መቅዘፊያቸውን ከውሃው ያነሡና አንዱ፣

«ማዶ ደኅና?» ይላል።

ሌላው፣ «ማዶ ደኅና!» ይላል።

ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። የመላሹን ነገር ልብ በሉልኝ። «ማዶ ደኅና» ሲል የራሱን አገር ነው ማዶ ብሎ የሚጠራው። በጠያቂው ዓይን አየው ማለት ነው። ዛሬ ይህን ሰላምታ የሚያውቅ ጠፋ እንጂ፣ ያን ጊዜ ሕፃን እንኳ አፉን የሚፈታው በእሱ ነበር።

ሌላም ነበር። ልጇን ማዶ የዳረች እናት ፀሐይ ስትጠልቅ ከውሃው ዳር ካለ ድንጋይ ላይ እሳት ታነዳለች። ልጇም ከማዶ ታነዳለች። አንድ እሳት ከሆነ «አለሁ» ማለት ነው። ሁለት እሳት ከሆነ «ድረሽልኝ» ማለት ነው። የኔም አያት ከውሃ ማዶ የመጣች ነበረች፤ ዓይኗ እስኪፈዝ ድረስ ማታ ማታ ፊቷን ወደ ውሃው አዙራ ነበር የምትቀመጠው። ይህን ስናገር ሆዴ ይባባል። ተዉኝ፣ ተረቱ ይቀጥል።

እመሐል ሐይቁ ላይ አንዲት ትንሽ ደሴት፣ በደሴቷም ላይ አንድ ግዙፍ የሾላ ዛፍ ነበረ። አንድ ዓመት ሾላው አፍርቶ የማያውቀውን ያህል ፍሬ አፈራ። ጠረኑ ሁለቱም ዳር ደረሰ። አያ አንበሶ፣ «የኔ ነው!» አለ። አያ ነብሮም፣ «ድሮስ የኔ አይደለም እንዴ!» አለ። ጥርስ ተፋጨ፤ ጦር ተሰበቀ።

በሾላው ላይ እመት ጦጢት ትኖር ነበር። ወዲያና ወዲህ አየችና ራሷን አከከች። «አንበሳ ቢያሸንፍ ግብር አምጪ ይለኛል፤ ነብር ቢያሸንፍ ግብር አምጪ ይለኛል። ሁለቱም ከቀሩ ግን ሾላው የኔው ነው» አለች። ታንኳዋን አንሥታ ወደ አንበሳ ሄደች።

«ጌታዬ፣ ምን በወጣዎት ይዋጋሉ? ማዶ እኮ ወሰን እናብጅ እያለ ነው። ከደጃፍዎ ቆመው የሚያዩት ደሴት ሁሉ የእርስዎ ይሁን ብሏል። የኔን የሾላ ጉራንጉር ብቻ ለማዶ ይተዉለትና ጦሩ ይቅር።»

አንበሳ ዓይኑን አጨንቁሮ ውሃውን ቃኘ። ደሴቱ ብዛቱ! «ያቺ ክቧስ?» አለ በጥፍሩ እያሳየ።

«እሷም የእርስዎ!»

«ወሰኑስ በየት በኩል ነው?»

«በማዶ በኩል ነው፣ ጌታዬ።»

«ጎሽ!» አለ አንበሳ። ነገሩን ሾላ በድፍን አድርጋ አቀረበችለት፤ እሱም ሳይፈለቅቅ ዋጠው።

ከዚያ ወደ ነብር ሄደች። ያንኑ ቃል፣ ያንኑ አጎነባበስ። «ከደጃፍዎ ቆመው የሚያዩት ደሴት ሁሉ የእርስዎ ይሁን ብሏል ማዶ። የኔን የሾላ ጉራንጉር ብቻ ለማዶ ይተዉለት።» ነብርም ውሃውን ቃኘ። «ያቺ ክቧስ?» አለ። «እሷም የእርስዎ!» አለችው። ያቺ ክብ የአያ ጉማሬ ጀርባ ነበረች። እሱ እንደሆነ ተኝቷል።

እንግዲህ ሁለቱም ነገሥታት ደሴቱን ሁሉ «የኔ» አሉ፤ ሾላዋን ግን ሁለቱም «የማዶ ናት» ብለው ተዉአት። የአንበሳ ሎሌ መጥቶ፣ «እመት ጦጢት፣ ደቦ ውጪ!» ሲላት፣ «እኔ የማዶ ነኝ» ትላለች። የነብር ሎሌ መጥቶ፣ «ግብር አግቢ!» ሲላት፣ «እኔ የማዶ ነኝ» ትላለች። እግሯን ሰቅላ ሾላዋን ትበላለች።

ግን ውሸት ብቻዋን አትኖርም፤ ሌላ ውሸት ታገባለች። ጦጢት አንድ ቀን ነገሩ ከነከናት። «የዚህኛው ዳር ታንኳ ከዚያኛው ተገናኝቶ ቢጨዋወት፣ ጉዴ ፈላ!» አለችና ወደ አንበሳ ሮጠች።

«ጌታዬ፣ ማዶ ተቆጥቷል! የእርስዎን ታንኳ ካገኘ እሰብራለሁ ብሏል። ማታ ማታ የሚያነደው እሳትም ጦር መጥሪያ ነው አሉ።»

ለነብርም ሄዳ ያንኑ ነገረችው። ሁለቱም በየዳራቸው አዋጅ አስነገሩ፤ «ታንኳ ወደ ማዶ እንዳይሻገር! ከውሃ ዳር እሳት እንዳይነድ!» በሚቀጥለው ማታ ፀሐይ ጠለቀች፤ ሐይቁ ዙሪያውን ጨለመ። እንዲያ ጨልሞ አያውቅም ነበር ይባላል። ውሃውን የሚሻገር ከጦጢት ታንኳ በቀር አልቀረም፤ እሷ «የወሰን ጠባቂ» ተባለቻ!

አሁን ወደ እመት ጥንቸል እንምጣ። እመት ጥንቸል በምሥራቁ ዳር የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። አንዲት ልጇን አንጓችን ማዶ ድራለች። አንጓች የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቷል። በመጀመሪያ ምጥ እናት አጠገብ ካልሆነች ማን ይሆናል? እመት ጥንቸል ዓመቱን ሙሉ ሳትቀምስ ያጠራቀመችው የአራስ ቅቤ ነበራት፤ አብሽ ያስገባችበት፣ ጠረኑ ጎረቤት የሚያስነሣ። ታንኳዋን ልትገፋ ስትል የአዋጁ ጠባቂ መለሳት። ጦጢት በታንኳዋ ወደ ዳር ስትመጣ ጠብቃ ለመነቻት።

«እመት ጦጢት፣ ማዶ ደኅና?»

«ማዶ ደኅና አይደለም፤ ማዶ ተቆጥቷል።»

«እኔን ማሻገር ካልሆነልሽ ይህቺን ቅቤ ለአንጓች ስጪልኝ። ‹እናትሽ እየመጣች ነው› በያት።»

«በሞቴ! ለዚህ ለዚህ እኔ አለሁልሽ አይደል?» አለች ጦጢት። ሾላዋ ሥር ደርሳ ቅሉን እስኪያበራ ላሰችው።

በሌላ ቀን እመት ጥንቸል የገንፎ ማር ይዛ መጣች። «ማዶ ደኅና?» አለች። «ማዶ ደኅና አይደለም፤ ማዶ ተቆጥቷል» አለች ጦጢት። ማሩም ሾላው ሥር ቀረ።

በማዶው ዳር ደግሞ አንጓች ሆዷን ይዛ እየተንፏቀቀች መጥታ፣ «እመት ጦጢት፣ ማዶ ደኅና? እናቴስ?» ብላ ጠየቀቻት።

«እናትሽማ ረስታሻለች። ማዶ የሄደ እንደሞተ ነው ብላለች» አለቻት ጦጢት ጢሟን እየጠረገች። አንጓች ያን ዕለት እህል በአፏ አልዞረም።

ከዚያ በኋላ በአንዱ ቀን ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል እመት ጥንቸል የተረፈቻትን ቅቤ በትንሽ ቅል ይዛ ድንጋይዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። እሳት ማንደድ ክልክል ነው፤ ውሃውን ማየት ግን ገና አልተከለከለም። አየች። ማዶ ዳር አንድ ጭላንጭል በራ። «አለች! ልጄ አለች!» ብላ ብድግ አለች። ወዲያው ከጎኑ ሌላ ጭላንጭል በራ። ሁለት እሳት።

«ድረሽልኝ» ማለቷ ነው። እመት ጥንቸል መሬት ላይ ተዘርፍጣ አለቀሰች።

«ማነው እንቅልፌን የሚያስለቅሰው?» የሚል ድምፅ ከውሃው መጣ። አያ ጉማሬ ነበር።

«እኔ ነኝ፣ አያ ጉማሬ። ልጄ ምጥ ይዟታል። ታንኳ እንዳይሻገር ተከልክሏል። ቅቤና ማር በጦጢት ልኬ ነበር፤ ደርሷት ይሁን አላውቅም።»

«የቅቤው ቅልማ ባዶውን ሲንሳፈፍ አፍንጫዬን መቶኛል። ከሾላው በኩል ነው የመጣው። ያቺ ቀላዋጭ!» አለ ጉማሬ እያፏጨ። «እኔስ ጤና ያለኝ መሰለሽ? የአንበሳ ሎሌዎች ጠዋት መጥተው ‹የጌታችን ደሴት› ብለው ጀርባዬ ላይ ሣር ተከሉ። ከሰዓት የነብር ሎሌዎች መጥተው ‹የጌታችን ደሴት› ብለው ሌላ ሣር ጨመሩበት። ተነሥቼ ጉማሬ ነኝ ልላቸው አስቤ ነበር፤ ስንፍና ያዘኝ።»

እመት ጥንቸል በእንባዋ መሀል አየችው። እውነትም ጀርባው ላይ ሣር አለ። ሣሩ ጥቅጥቅ ብሎ የሕፃን ጎጆ ይመስላል።

«ለመሆኑ አዋጁ ምንድነው የሚለው?» አለ ጉማሬ።

«‹ታንኳ እንዳይሻገር› ነው የሚለው።»

«ደሴትስ?»

«ስለ ደሴት ምንም አላለም።»

ጉማሬ አሰበ። ማሰብ ለእሱ ከባድ ሥራ ነበርና ውሃው ተንቦጫረቀ። «እንግዲያው ጀርባዬ ላይ ውጪ። ደሴት ነህ ካሉኝ ደሴት ሆኜ ላሳያቸው። ደሴት ደግሞ በኛ አገር ሲሄድ አዲስ አይደለም።»

እመት ጥንቸል ቅሏን አቅፋ ወጣችና ሣሩ ውስጥ ተወተፈች። ጉማሬም አፍንጫውንና ጀርባውን ብቻ አስቀርቶ ጠለቀና ወደ ሁለቱ እሳቶች ቀና ብሎ መሄድ ጀመረ።

የሾላዋ ደሴት አጠገብ ሲደርሱ ጦጢት ቅርንጫፏ ላይ ነበረች። አንዲት ደሴት ቀስ እያለች ስታልፍ አየች። «ነፋስ የለ፤ ይቺ ደግሞ ምን ነካት?» አለች። ወዲያው የአብሽ ቅቤ ጠረን አፍንጫዋን አወዳት። ቅቤ ያላት ደሴት! ምራቋን ዋጠችና ዘልላ ጉብ አለችባት። ሣሩን ገለጥ ብታደርግ ከእመት ጥንቸል ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ወደ ኋላ ዞረች፤ ሾላው ርቋል። ጦጣ ደግሞ ዋና አታውቅም።

በዚህ መሀል ከምሥራቁ ዳር የአንበሳ ጠባቂ ጮኸ፤ «ጌታዬ! ክቧ ደሴትዎ ወደ ማዶ እየኮበለለች ነው!» ከምዕራቡም የነብር ጠባቂ፣ «ጌታዬ! ደሴትዎን የሆነ ነገር እየነዳት ነው!» አለ። አንበሳና ነብር በየታንኳቸው እየተንደረደሩ መጡ። በግራ አንበሳ፣ በቀኝ ነብር፣ በመሀል ጉማሬ፣ በጉማሬ ላይ ጦጢት።

«ደሴቴን ወዴት ትወስዳለህ!» አለ አንበሳ።

«ደሴትህ? ደሴቴን ነው እንጂ!» አለ ነብር። ጦር ከፍ ከፍ አለ።

«ቆይ!» አለ አንበሳ፤ ጦጢትን ያያት ያኔ ነው። «የወሰን ጠባቂ፣ አንቺ ተናገሪ። የማን ነሽ?»

«የ… የማዶ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«የማዶ ከሆነች የኔ ናት ማለት ነዋ! ለመሆኑ የማን ነሽ?» አለ ነብር።

«የማዶ ነኝ፣ ጌታዬ» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነ።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ብላ ከሥር ደሴቲቱ አጉረመረመች። ሁለቱ ነገሥታት ደነገጡ፤ ደሴት ሲናገር ሰምተው አያውቁም። ድንጋጤያቸውም መልሶ ቁጣ ሆነ። ነብር ጦሩን ሰበቀ። አንበሳ ጠጉሩን አቆመ። ሊዋጉ ነው። እመት ጥንቸል ቀና ብላ ብታይ ከሁለቱ እሳቶች አንደኛው እየከሰመ ነው። ጊዜ የላትም፤ ጦር ቢሰበቅ ምን አገባት? ከሣሩ ውስጥ ብድግ አለች፤ ክንዷን ከውሃ እንደሚያወጡት መቅዘፊያ ወደ ላይ አነሣችና ባላት አቅም ጮኸች፤

«ማዶ ደኅና?»

አንበሳና ነብር በአንድ አፍ፣ «ማዶ ደኅና!» አሉ።

አስበው አይደለም። ሕፃን ሳሉ በእናቶቻቸው ታንኳ ላይ የለመዱት ነው፤ ልማድ ደግሞ ከንጉሥነት ይቀድማል። ካሉት በኋላ ግን ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«ማዶ… እኔ ነኝ እንዴ?» አለ አንበሳ ቀስ ብሎ።

«እኔ እኮ ማዶ አንተ መስለኸኝ ነበር» አለ ነብር።

«ታዲያ ተቆጥተሃል?»

«ማን? እኔ? አንተ ተቆጥተሃል ተብዬ ነው እንጂ!»

ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ ጦጢት ዞሩ። የጦጢት ጢም በቅቤ ያብለጨልጭ ነበር።

«ጌቶቼ፣ የእሷን ነገር ነገ አውጡት አውርዱት። ልጄ ምጥ ላይ ናት!» አለች እመት ጥንቸል።

ያኔ አንበሳ ጦሩን ታንኳው ውስጥ ወረወረና መቅዘፊያ አነሣ። ነብርም አነሣ። ጉማሬን በግራና በቀኝ አጅበው ውሃውን እየሰነጠቁ ወደ እሳቱ ገሰገሱ። አንበሳ ማዶን ከረገጠ ያን ዕለት ስንት ዘመኑ ነበር!

ሴቶቹ «ማርያም ማርያም» ሲሉ ከውሃው ዳር ይሰማል። እመት ጥንቸል ጉማሬው ገና ዳር ሳይነካ ዘልላ ወረደች። አንጓች የእናቷን እጅ በጨለማ ዳብሳ አወቀችው።

«እማዬ… ረስታሻለች አለችኝ እኮ።»

«እኔ? ውሃው መንገዱን ይርሳ እንጂ እኔ አንቺን? አይዞሽ፣ መጥቻለሁ። ያዥኝ፣ አጥብቀሽ ያዥኝ።»

ብዙም አልቆየ፤ ሕፃኗ አለቀሰች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ተባለ፤ እልልታው ቀለጠ። እልልታው ውሃውን ተሻግሮ ምሥራቁ ዳር ደረሰ። እዚያ የቀሩት እናቶች አዋጁን ረሱት ወይ ናቁት፤ አንድ እሳት በራ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ደሴቶቹም ላይ በራ። ሐይቁ ዙሪያውን እንደ ድሮው ሆነ። አንበሳ ከነብር አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ «የኔ እናት ድንጋይ የትኛው ነበር?» ብሎ ጠየቀ፤ ፈልጎ ግን አላገኘውም። ዓይኑ ረጥቦ ነበር ይላሉ፤ የውሃው ርጭት ነው የሚሉም አሉ። እኔ ግን እንባ ነው እላለሁ።

ወሰኑ ቀረ ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልቀረም። ነገሥታት ያሰመሩትን ለማጥፋት ይከብዳቸዋል። ግን ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው፤ ውሃ ላይ የተሰመረ መስመር ምን ያደርጋል? መሀል ሐይቅ ላይ መቅዘፊያውን አንሥቶ «ማዶ ደኅና» ያለ ሁሉ ይለፍ ተባለ። ሁሉም አለፈ።

የጦጢት ነገር በማግሥቱ ተነሣ። ነብር፣ «አያ አንበሶ፣ ውሰዳት፤ የማዶ ነኝ ብላኛለች፤ ያንተ ናት» አለ። አንበሳም፣ «ለኔም እኮ የማዶ ነኝ ብላኛለች፤ ያንተ ናት» አለ። የሚወስዳት ጠፋ። ጉማሬ ሰልችቶት ሾላዋ ላይ ጣላት። ታንኳዋን ማዕበል ወስዶታል። ሾላው ሲያልቅ ቅጠል በላች፤ ቅጠሉ ሲያልቅ ቅርፊት ላጠች። በአጠገቧ ታንኳ ሲያልፍ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ወጥታ፣ «ማዶ ደኅና? ማዶ ደኅና?» ብላ ትጮኻለች። ቀዛፊዎቹም፣ «የትኛውን ማዶ ነው የምትጠይቂው?» ይሏትና ያልፋሉ። ዛሬም ጦጣ ከዛፍ ላይ ስትንጫጫ ብትሰሙ ያንኑ ማለቷ ነው። እኔ አንዳንዴ ታሳዝነኛለች፤ እናንተ ግን እንዳትምሯት።

ለዚህ ነው አባቶች፣ «ለሁሉም ማዶ የሆነች ጦጣ፣ ‹ወዲህ ነይ› የሚላት አጣች» ያሉት።

ተረቴ ተሻገረ፤ አንድ ጉርሻ ለቀዛፊው ቀረ።